ምዕራፍ አራት፦ ሁለቱ ነጋድራሶች

ድሬዳዋ የሚለውን ስም ለመፍታት ቢያንስ ሁለት ሽማግሌ ያስፈልጋል። ሶማሊኛ ተናጋሪው፣ የዲር ጎሣ አባት የሆነው ዲር ጦሩን የሰካባት ምድር ናት ይላል። ኦሮሞው «ዲሬ» ሜዳ ነው፣ «ዳዋ» መድኃኒት ነው፣ የመድኃኒት ሜዳ ናት ይላል። ሁለቱም ከአባቶቻቸው የሰሙትን ነው የሚናገሩት። ጫቱ ቀርቦ፣ ሻዩ ተቀድቶ፣ የከሰዓት በኋላው ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር ባስቀመጠበት ሰዓት ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው እንኳ አይጣሉም። አንዱ ሲናገር ሌላው ፈገግ ብሎ ያዳምጣል፤ ተራው ሲደርስ የራሱን ይነግራል።

ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ለገሃሬ የሚባል ሰፈር እንዳለ ሲሰማ ወዲያው ትዝ የሚለው የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ነው፤ የአዲስ አበባው ለገሃር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነዋ። እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ እንዲሁ ነበር ያልሁት። ኦሮምኛ የለመደ ጆሮ ግን «ለገ ሃሬ»ን የአህያ ጅረት ብሎ ይሰማዋል። ባቡር ባቆመው ከተማ ውስጥ፣ ባቡር ያላመጣውን ስም ሁሉ ለባቡር መስጠት እንዴት ቀላል ነው!

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ 310 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጦ እዚህ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። (በዚህ ምዕራፍ «ዓ.ም.» ያልተባለ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለ ታሪክ አጻጻፍ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ገና ሳይጀምር የማንን ዘመን እንደሚቆጥር መናገር አለበት።) ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር፤ ተራራው አላወጣ ስላለ ቆላው ላይ ቀረ። ለአዲሲቱ ከተማ የተሰጣት ስምም «አዲስ ሐረር» ነበር። ስሙ ወረቀት ላይ ቀርቶ የሽማግሌዎቹ ስም ተረፈ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለጨዋታ ማሟሻ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ሕዝቦች ታሪካቸውን በቃል ያዙት፣ በድንጋይ ቀረጹት፣ በብራና ጻፉት፣ በክር ቋጠሩት። በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሚያጓጓኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ሲጻፍ ከጸሐፊው ፊት ማን ተቀምጦ ነበር? ንጉሥ? ዘመድ? ያልተወለደ አንባቢ? ለዚህ ጥያቄ ድሬዳዋ ጥሩ መልስ አላት፤ መልሷም ጉምሩክ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ እስክንደርስ ግን ዓለሙን ዞር ብለን እንምጣ።

ከቃሉ እንነሣ። «ታሪክ» የመጣው ከዐረብኛው «ታሪኽ» ነው፤ ፍቺውም ቀንን ማስቀመጥ፣ ዘመንን መቁጠር ነው። ሥሩን ስንምስ ጨረቃና ወር ላይ እንደርሳለን፤ የግዕዙ «ወርኅ» ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ስለዚህ «ታሪክ» ስንል ሳናውቀው «ወር» እያልን ነው። ግሪኮች «ሂስቶሪያ» ሲሉ ግን መጠየቅ፣ መመርመር ማለታቸው ነበር። ቻይኖች «ሺ» የሚሉት ቃል ደግሞ ከድርሰቱ በፊት የሰውየው መጠሪያ ነበር፤ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ የሚመዘግበው ሹም። አንዱ ዘመን ቆጠረ፣ አንዱ ጠየቀ፣ አንዱ ጸሐፊ ሾመ። ሦስቱም በቃላቸው ውስጥ ጠባያቸውን ትተዋል። የእኛው «ዜና መዋዕል» የዘመን ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ የሚነገርለት ሰው ይፈልጋል።

ከድሬዳዋ በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ወንዝ ከፍ ብሎ፣ ፈረንሳዮች የጃርት ዋሻ ብለው በቋንቋቸው «ፖርክ ኤፒክ» ያሉት ዋሻ አለ። በ1929 ያገኙት አንድ የኢየሱሳውያን ካህንና አንድ የቀይ ባሕር ኮንትሮባንዲስት ናቸው፤ ተያር ደ ሻርደንና አንሪ ደ ሞንፍሬ። (እንዲህ ያለ ጥንድ ልብ ወለድ ውስጥ ብናገኘው አናምንም።) ከዋሻው ውስጥ በኋላ ከተለቀመው መካከል ቀይ ቀለም የሚወጣው አፈር 4,213 ቁራጭ ይሆናል፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ግድም። ዕድሜው 40,000 ዓመት ያህል ነው። ሰዎቹ ያንን ሁሉ ቀለም ምን ሊቀቡበት ፈልገው ነበር? ቀለም አለ፣ እጅ አለ፤ ነገሩን የሚነግረን የለም። የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ከዚህ ዝምታ ወዲህ ይጀምራል።

ከዝምታው ቀጥሎ የመጣው ቃል ነው። ኦሮሞዎች የአፍ ታሪክን «አርጋ ዸጌቲ» ይሉታል፤ ያዩትና የሰሙት ማለት ነው። ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ሄሮዶቱስ ትዝ ይለኛል። የሃሊካርናሱሱ ሰው ከ2,400 ዓመት በፊት ስለ ግብፅ ሲጽፍ መሐል ላይ ቆም ብሎ፣ እስካሁን የነገርኋችሁ በዓይኔ ያየሁትንና የመረመርሁትን ነው፣ ከዚህ በኋላ ያለው የሰማሁት ነው ይላል። አርጋ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ዸጌቲ እዚህ ይጀምራል እንደ ማለት። ከግሪክም ከምሥራቅ አፍሪካም ቆላ የተነሡ ሰዎች፣ ሳይተዋወቁ፣ ዓይንና ጆሮ እኩል እንዳልሆኑ ተረድተው ነበር።

ጆሮው ግን የሚናቅ አይደለም። የገዳ ሥርዓት በየ8 ዓመቱ ሥልጣን ያስረክባል፤ እያንዳንዱ 8 ዓመት በአባ ገዳው ስም ይጠራል። የቦረና አዋቂዎች እነዚህን ስሞች በተርታ እየጠሩ ብዙ መቶ ዓመት ወደኋላ ይሄዳሉ፤ የትኛው ድርቅ፣ የትኛው ጦርነት በማን ገዳ እንደወደቀ ይነግሯችኋል። መቁጠሪያውም መዝገቡም አንድ ነው። ሶማሌው «አብቲርሲ» የሚለው የአባቶች ቆጠራ አለው፤ ልጁ ገና ፊደል ሳይቆጥር አባቶቹን ይቆጥራል። በድሬዳዋ ዙሪያ ያሉት የኢሳ ሶማሌዎች ሕጋቸውን «ሔር ኢሴ»ን ያለ ወረቀት ሲያስተላልፉ ኖረው ዩኔስኮ በ2024 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰሚ እዚህ ትልቅ ሥልጣን አለው። ተራኪው አንድ አባት ቢዘልል ወይም አንድ ገዳ ቢያዛንፍ ከጉባኤው መካከል አንዱ «ቆይ» ይለዋል።

የእስላም ሊቃውንት ያንን «ቆይ» ወደ ወረቀት አመጡት። አንድ ነገር ሲጽፉ ማን ለማን እንደነገረው፣ ለዚያኛውስ ማን እንደነገረው ሰንሰለቱን ያስቀምጣሉ። በ923 በባግዳድ የሞተው ጠበሪ በግዙፉ ታሪኩ መግቢያ ላይ፣ የሚያስገርም ነገር ብታገኙ እኔን አትውቀሱኝ፣ እኔ እንደ ደረሰኝ ያደረስሁ ነኝ ይላል። የዛሬ ጋዜጠኛ ይህን ቢጽፍ እንስቅበት ነበር። ጠበሪ ግን ሦስት የማይስማሙ ወሬዎችን ከነባለቤቶቻቸው ጎን ለጎን ትቶልን ሄደ፤ ልክ ሁለቱን የድሬዳዋ ሽማግሌዎች አንድ ምንጣፍ ላይ እንደማስቀመጥ።

አሁን ወደ ቤተ መንግሥት እንግባ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚያ ነው።

በ548 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ በቻይና ቺ በምትባል አገር፣ ፅዊ ጁ የሚባል ባለሥልጣን ጌታውን አስገደለ። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ «ፅዊ ጁ ጌታውን ገደለ» ብሎ መዘገበ። ባለሥልጣኑ ጸሐፊውን አስገደለው። ወንድሙ ተተክቶ ያንኑ ጻፈ፤ እሱም ተገደለ። ሌላውም ያንኑ ጻፈ፤ ተገደለ። የመጨረሻው ወንድም ተተክቶ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ገዳዩ ሰለቸውና ተወው። ከደቡብ ደግሞ ሌላ ጸሐፊ ወንድማማቾቹ ሁሉ አለቁ ሲባል ሰምቶ የቀርከሃ ሰሌዳውን ይዞ በመንገድ ላይ ነበር፤ መጻፉን ሲሰማ ተመለሰ። ስለ ታሪክ አጻጻፍ ከሰማኋቸው ታሪኮች ይህን የሚያህል የለም።

ከዚያ ወዲህ ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ ስማ ቺየን የሚባል ታሪክ ጸሐፊ መጣ። ለተሸነፈ ጄኔራል በመከራከሩ ንጉሠ ነገሥቱ አሰለቡት። በዚያ ዘመን ወግ የተዋረደ መኳንንት ራሱን ያጠፋል፤ እሱ ግን አባቱ ሲሞት የጣለበትን አደራ ለመጨረስ ውርደቱን ተሸክሞ ኖረ። 130 ምዕራፍ ጻፈ። አንዱን ቅጂ በታላቅ ተራራ ሊያኖረው እንዳሰበ ተናግሯል። የጻፈው ንጉሡ ፊት ተቀምጦ ነው፤ አንባቢው ግን ከተራራው ማዶ ነበር።

ኮርያዎች ነገሩን በሕግ አበጁት። የጆሶን ነገሥታት ዜና መዋዕል «ሲሎክ» የሚጻፈው ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ነው፤ ንጉሥ የራሱንም የአባቱንም መዝገብ ማየት አይፈቀድለትም። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ አደን ላይ ከፈረስ ወደቁ። ምንም አልሆኑም፤ ተነሥተው ዙሪያቸውን አዩና «ይህን ጸሐፊው እንዳይሰማ» አሉ። ይህን እንዴት አወቅን? ጸሐፊው መውደቃቸውንም፣ እንዳይሰማ ማለታቸውንም ጽፎታል። ልጃቸው ሴጆንግ፣ ለኮርያ ፊደል የሰጡት፣ የአባታቸውን መዝገብ ለማየት ፈልገው መኳንንቱ ከለከሏቸው። ሥራው ሲያልቅ ረቂቁን ወስደው ወራጅ ውኃ ላይ ያጥቡታል፤ ቀለሙ ይሄዳል፣ ወረቀቱ እንደገና ይሠራል፣ ማን ምን እንዳለ የሚያጋልጥ ቁራጭ አይቀርም።

የእኛው ጸሐፈ ትእዛዝ እንዲህ ያለ ጥላ አልነበረውም። ዜና መዋዕሉን የሚጽፈው የንጉሡን እንጀራ እየበላ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያነብለት ያው ንጉሥ ራሱ ነው። ብዙዎች በ1332 የሚያስቀምጡት የዐፄ ዓምደ ጽዮን የይፋት ዘመቻ ታሪክ ድንቅ የግዕዝ ድርሰት ነው፤ ጦርነቱን ከነአቧራው ያሳያችኋል። ንጉሡ ግን ከገጽ ወደ ገጽ አይሳሳቱም። አንድ ነገር ግን መታዘብ ይቻላል፤ ንጉሥ ሲሞት ብዕሩ ይፈታል። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ዘመን የሚተርከው ጽሑፍ ከእሳቸው በኋላ ነውና የተጻፈው፣ በገዛ ልጆቻቸው ላይ ያመጡትን ቅጣትና በአገሩ ላይ የወደቀውን ፍርሃት አልሸሸገም። ያለ ኮርያ ሕግ የኮርያን ውጤት ሞት አመጣው ማለት ነው። ደጃዝማች ኃይሉ እሸቴ በ1785 ግድም የነገሥታቱን ታሪክ ከየቦታው ቅጂ አሰባስበው ሲያስጽፉም ይሄው ሆነ፤ የሞቱት ብዙ ስለነበሩ ሥራው ቀለለ።

ዓምደ ጽዮን ዘመቱ በሚባልበት በዚያው በ1332 ቱኒዝ ላይ ኢብን ኸልዱን ተወለደ። በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» ከሱ በፊት የነበሩትን ታሪክ ጸሐፊዎች አንድ በአንድ ያስጨንቃል፤ ለወገን ማዳላት፣ ያወራውን ሰው ሳይመረምሩ ማመን፣ ሰው እንዴት ተሰባስቦ እንደሚኖር አለማወቅ። ሙሴ ከ600,000 በላይ ጦር ይዞ በረሃ ወጣ ይላሉ፤ ይህን ያህል ሰው በዚያ መሬት ላይ እንዴት ይሰለፋል? ምን በልቶ? በየትኛው መንገድ? እያለ ይጠይቃል። የሱን ትምህርት ከሰሙት አንዱ ማቅሪዚ በኋላ መካ ላይ ተቀምጦ ከሐበሻ ከመጡ ሰዎች ያሰባሰበውን ይዞ ስለ ሐበሻ የእስላም ነገሥታት አንድ ድርሰት ጻፈ። የይፋት ወላስማዎች እዚያ አሉ። በግዕዙ ጠላት ሆነው የምናያቸው ሰዎች በዐረብኛው ባለ ታሪክ ሆነው ይቆማሉ።

ይህ የሁለት ብዕር ነገር ሐረር ዙሪያ ሲደርስ እሳት ሆኗል። ከድሬዳዋ ዳገቱን ወጥታችሁ በ50 ኪሎ ሜትር ግድም የምታገኟት ሐረር የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ የተነሣባት ምድር ናት። ዐረብ ፈቂህ የሚባለው የጂዛኑ ሺሃብ አድ-ዲን «ፉቱሕ አል-ሐበሻ»ን በዐረብኛ ጻፈ። በ1529 የሽምብራ ኩሬን ጦርነት ስታነቡ የሰልፉን አቀማመጥ፣ የጦር አለቆቹን ስም፣ በዋዜማው የተባለውን ሁሉ ታገኛላችሁ። የሚገርመኝ የተቃራኒውን ወገን አለቆች በስም ማወቁ ነው፤ ጠላቱን «ጠላት» ብሎ አላለፈም። ድርሰቱ ሁለተኛ ክፍል እንደሚኖረው ተናግሮ ነበር፤ እኛ እጅ የገባው አንደኛው ብቻ ነው። በድል የተጀመረ መጽሐፍ በድል ላይ ቆመ፤ የ1543ቱ የወይና ደጋ ጦርነት፣ የኢማሙ ሞት፣ የለበትም። ያንን ለማንበብ ወደ ዐፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል መሻገር ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ግማሽ ጦርነት ነው የያዘው፤ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ የሰጡኝ አንዱን ግማሽ ነበር።

ከሁለቱም የተለየ ጥያቄ የጠየቁት አባ ባሕርይ ናቸው። በ1593 ስለ ኦሮሞዎች በጻፉት አጭር ድርሰት ውስጥ የወገንተኝነት ቃል ሞልቷል፤ ከጋሞ በሸሹ ሰው አፍ ሌላ አይጠበቅም። ነገር ግን ንጉሥ አላወደሱም። የጠየቁት «ብዙ ሆነን ሳለን ለምን ተሸነፍን?» ብለው ነው። መልሳቸውም፣ የእኛ ሰው በመደብ ተከፋፍሎ የሚዋጋው ጥቂቱ ብቻ ነው፣ እነሱ ዘንድ ግን ሁሉም ይዋጋል የሚል ነው። የገዳን ትውልዶች በስም ዘርዝረዋል። ፊታቸው የተቀመጠው ንጉሥ ሳይሆን የተሸነፈ ሕዝብ ነበር። ከኢብን ኸልዱን ጋር ቢገናኙ ይግባቡ ነበር ብዬ አስባለሁ።

የአውሮፓውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባለው ጀርመናዊ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ሲያሳትም አገሩን አንድም ቀን አልረገጠም፤ ያወቀውን ያወቀው ከመካነ ሥላሴው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። በ1652 ጎታ ከተማ ተቀምጠው አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል። በ19ኛው መቶ ዓመት ታሪክ ጸሐፊው ራንኬና ተማሪዎቹ ከቃል ይልቅ መዝገብ ቤትን አመኑ፤ ሰነድ የሌለው ሁሉ ታሪክ የሌለው መሰለ። አፍሪካ በዚህ ሚዛን ቀለለች ተባለች፤ የቲምቡክቱ ሊቃውንት በ17ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ የጻፏቸው የሱዳን ታሪኮች እያሉ፣ የእኛ ብራናዎች በ1868 ከመቅደላ ተጭነው ለንደን ገብተው እያሉ። ሚዛኑን የሠራው ሰው ድንጋዩን ሁልጊዜ ኪሱ ይይዘዋል።

አሁን ጉምሩክ ቤት ደርሰናል።

ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች ራስ፣ የቀረጥ ሹም ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት የባቡሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ነበረች። ከባሕር የመጣ አቡጀዲ፣ ጠመንጃ፣ ስኳር እዚህ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፤ ከደጋ የወረደው ቡናና ቆዳ እዚህ ባቡር ይወጣል። የዚህ በር ጠባቂ መሆን የአገሪቱን ሆድ ዕቃ ማየት ነው። በዚህ ወንበር ላይ፣ በተለያየ ጊዜ፣ ሁለት ጸሐፊዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱም ስለ ምኒልክ ጽፈዋል።

ቀድሞ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። በጣና ዳር በዘጌ የተወለደ፣ ሥዕል የተማረ፣ ኢጣሊያ ኖሮ ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተማረ ሰው ነበር። በ1908 ሮም ላይ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ፤ ዛሬ ጦቢያ የምንለው ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ስሙ ውስጥ «ታሪክ» አለበት! ያለዚያ ቃል የማይታመን ሆኖ ታይቶት ነው መሰል፤ እኛም የሥነ ጽሑፉን ዘርፍ «ልብ ወለድ» ያልነው ከዚያ አንሥተን ነው። በዓመቱ፣ በ1909፣ «ዳግማዊ ምኒልክ»ን አሳተመ። አማርኛው ይጣፍጣል፤ ዛሬም የሚፎካከረው ጥቂት ነው። ነገሩ ግን ጥንታዊው ዜና መዋዕል በማተሚያ ቤት ልብስ ነው፤ ምኒልክ ያበራሉ፣ ዐፄ ዮሐንስ ይጨልማሉ። ፊቱ የተቀመጡት ንጉሥ ርቀው አዲስ አበባ ቢሆኑም እሱ ግን ሮም ሆኖ ያያቸው ነበር። የሰውየው መጨረሻ ሌላ ምዕራፍ ነው፤ ኢጣሊያ ስትገባ «አፈ ቄሣር» ተባለ፣ ነጻነት ሲመለስ ጂማ ታስሮ እዚያው አረፈ። ሁልጊዜ አንድ ቄሣር ፊቱ ነበር ማለት ይቀናኛል፤ ግን ያን ያህል አማርኛ ያወረሰንን ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ጭካኔ ይሆንብኛል።

ሁለተኛው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በ1886 አድዋ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ከምፅዋ በመርከብ ወጥቶ፣ በጀርመንኛ ተናጋሪዎች አገር አድጎ ተመለሰ። በ1912 አሥመራ ላይ በታተመው «ብርሃን ይሁን» ውስጥ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፉ ወጣ። የርዕሱን ልዩነት ልብ በሉ፤ አንዱ ምኒልክን ብቻ ጻፈ፣ ሌላው «ና»ን ጨመረ፣ ከንጉሡ አጠገብ አገር አቆመ። የንጉሡን ሥራም የቀረውንም አነሣ፤ ለመጪው ለልጅ ኢያሱ ምን መደረግ እንዳለበት ዘረዘረ። ጽሑፉ ከመወድስ ይልቅ ወደ ምክርና ወደ ወቀሳ ያደላ ነበር።

ስለ ታሪክ አጻጻፍ ያለው ሐሳቡ ደግሞ እስካሁን የሚጠቅሱት ነው። ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላል፦ ያለፈውን ለማስተዋል የነቃ አእምሮ፣ ለመፍረድ የማያዳላ ልቡና፣ ያየውንና የፈረደውን ለማስረዳት የጠራ አነጋገር። የእኛ ጸሐፊዎች ግን በሦስቱም ይበድላሉ፤ ትልቁን ነገር ትተው ትንሹን ያነሣሉ፣ ያዳላሉ፣ ቋንቋቸውም አንባቢን ያደናግራል። ይህንን ሳነብ ኢብን ኸልዱንን ከ500 ዓመት በኋላ በአማርኛ የምሰማው ይመስለኛል። ሁለቱም መንግሥት ያገለገሉ፣ ሹመትም ውርደትም ያዩ ሰዎች ነበሩ። ነጻ ትችት ከዳር ከተቀመጠ ሰው ይመጣል የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደማየው ከቀረጥ መዝገብም ይመጣል።

ድሬዳዋ ለገብረ ሕይወት ምን እንዳሳየችው ለመገመት የኋለኛውን መጽሐፉን መክፈት ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በ1919 ከሞተ በኋላ በ1924 ነው የታተመው። እዚያ ውስጥ ነገሥታት ያንሳሉ፤ ሥራ፣ ንግድ፣ ገንዘብ፣ መንገድ፣ ዕውቀት ይበዛሉ። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ብዙ ቀን የደከመበትን በጥቂት ቀን ድካም እንደሚለውጥ፣ ሲለውጥም እየደኸየ እንደሚሄድ ይሞግታል። ይህ የቤተ መንግሥት ድርሰት አይደለም። አንድ ሙሉ ፉርጎ ቆዳ ወጥቶ ጥቂት ሣጥን ዕቃ ሲገባ ያየ ሰው ድርሰት ነው። የላቲን አሜሪካ ምሁራን ይህን የመሰለ ነገር በኋላ ሲያነሡ ዓለም ስም ሰጠው፤ የእኛው ቀራጭ በአማርኛ ጽፎት ስለነበር ማንም አልሰማውም። መጽሐፉ ሲታተም ደግሞ ደራሲው በሕይወት የለም፤ እንደ ኮርያ መዝገብ ሰውየው ከሄደ በኋላ ተከፈተ፣ ግን የሄደው ንጉሡ ሳይሆን ጸሐፊው ነበር።

ቀሪው ፈጥኖ ይነገራል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 ተመሠረተ። በ1972 ሥርግው ሀብለ ሥላሴና ታደሰ ታምራት በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት አወጡ፤ ገድሉን፣ ዜና መዋዕሉን፣ ዐረብኛውን፣ ድንጋዩን አንድ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደየትውልድ ቀያቸው እየሄዱ ሽማግሌ ጠየቁ፤ ሄሮዶቱስ ያለው «ሂስቶሪያ» ይሄው ነው። በ1990 መሐመድ ሐሰን ስለ ኦሮሞ በጻፈው መጽሐፍ አባ ባሕርይን እያነበበ አባ ባሕርይን ይሞግታል። «ቆይ» የሚለው ሰው ወደ ጉባኤው ተመለሰ።

ድሬዳዋ ራሷስ? ዜና መዋዕል የላትም። ጸሐፈ ትእዛዝ የሚያስቀምጥ ንጉሥ አልተቀመጠባትም። በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ያለው አሮጌው ባቡር ጣቢያ ግንባር ላይ ስሙ በፈረንሳይኛ ተጽፏል፤ የድርጅቱ ወረቀት ለአሥርተ ዓመታት የተጻፈውም በዚያው ቋንቋ ነው፤ ፊት የተቀመጡት ፓሪስ ያሉ ባለ አክሲዮኖች ነበሩ። ስንት ቶን እንደተጫነ፣ ስንት የሐዲድ ዘንግ እንደተለወጠ ታገኙበታላችሁ። ዘንጉን የለወጠው ሰው ማታ መጋላ ሰፈር ሲገባ በስንት ቋንቋ ሰላምታ እንደሰጠ ግን ለባለ አክሲዮን የሚጻፍ ነገር አይደለም። ያንን የያዙት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ አሮጌው ባቡር ከቆመ ወዲህ እነሱም እየቀነሱ ነው።

ባለፈው የሄድሁ ጊዜ ቀፊራ ገበያ ገብቼ ከአንዲት ቅመም ሻጭ ጋር ወግ ጀመርን። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይከብድም፤ ገና ሳንተዋወቅ «አንተ» ብላኛለች። እዚህ መነገድ መቼ እንደጀመረች ጠየቅኋት። ዓመተ ምሕረት አልነገረችኝም።

«ጎርፉ በሄደ በሁለተኛው ዓመት» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ ደቻቱ እየጠቆመች።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ነው። ያ በጋውን አሸዋ ሆኖ ሰው የሚሻገረው ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ጣቴ ላይ ቆጥሬ ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርሁ። እርድ እየሰፈረች ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ብለህ ጻፍኸው?»

«2000 ዓ.ም.» ብዬ አነበብሁላት።

«ጎርፉንም ጻፈው» አለችኝ።